የመኪናው የጠዋት ትንፋሽ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። በትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር ለወንድሜ በስልክ የምልከው «ደረስክ ወይ» የሚል ብቻ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ገና አፌን ልከፍት ስል ፊቴ ይግላል። ስለዚህ ጥያቄው ውስጤ ሲመላለስ ከረመ። ወረቀት ደግሞ ፊቴን አያይም፤ እስኪ በዚህ ልሞክረው።

ጥያቄው ስለ ጭነት መኪና ሞተር ነው። ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ የሚስበውን አየር የሚያሞቅለት ነገር ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? መኪና ነድቼ አላውቅም። ጋቢና ውስጥ የተቀመጥኩትም ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን የወንድሜ እንጀራ በዚህ ጥያቄ ላይ ወድቆ ነበርና እኔም ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የምንኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ነው። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። ወንድሜ የሚነዳው መኪና የራሱ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ የእህል ነጋዴ ሴት ናቸው ባለቤቱ። እትዬ እንላቸዋለን። መኪናው ቀድሞ በመርሐ ቤቴ በኩል፣ ዓለም ከተማ እያደረ ይሠራ ነበር። ሾፌሩ ሥራ ሲለቅ እትዬ መኪናውን ወደ መንዝ አዛውረው ለወንድሜ ሰጡት።

ወንድሜ ለዚያ ቀን ብዙ ዓመት ጠብቋል። የሰው መኪና እያጠበ፣ ጭነት እያሰረ፣ ጎማ እየፈታ ነው ያደገው። ቁልፉን የተቀበለ ዕለት ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

«ከማተብህ ጋር ብረት ታንጠለጥላለህ?» አለችው እናቴ።

«ሌላ ቦታ ካስቀመጥኩት ይጠፋብኛል።»

«እንግዲያው እሱም አብሮህ ይጹማ» ብላ ሳቀች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማታ ገብስ ይጫናል፤ ጎህ ሲቀድ መኪናው ይነሳል፤ ደብረ ብርሃን መጋዘኑ በር ላይ ወረፋው ሳይረዝም ይደርሳል። ያረፈደ መኪና ሳያራግፍ ይውላል፤ አንዳንዴም ያድራል። ያን ጊዜ እትዬ ለገዢዎቻቸው የሰጡት ቃል ይፈርሳል። ክረምቱንና መስከረምን ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አላረፈደም። ኅዳር ገብቶ ውርጭ መጣል ሲጀምር ግን መኪናው ጠዋት ጠዋት እምቢ አለ።

ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ያጓራል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ግን አይነሳም። ጭሱ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣ ነበር። የነደደ ናፍጣ ሽታ አይደለም፤ ገና ከበርሜል የተቀዳ ዓይነት ጥሬ ናፍጣ ነው። ይህን ያወቅሁት ቅርብ ስለምቆም ነው። የኔ ሥራ ታኮ ማንሳት ነበር። መኪናው ደጃችን ካለው ቁልቁለት አናት ላይ ስለሚቆም ከጎማው ፊት ትልልቅ ድንጋይ እናደርጋለን፤ ሊሄድ ሲል እኔ እጎትተዋለሁ።

በሞተሩ ካልተነሳ በሰው ይገፋና ቁልቁለቱን ሲይዝ ይነሳል። የሚገፉት ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። ጎረቤታችን የሆኑት ቄስ መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ከሰው ጋር ይገፋሉ።

«ይሄ መኪናህ ከእኛ ይበልጥ ይጾማል» አሉት አንድ ቀን ትንፋሽ እያጠራቸው። «እኛ ቅዳሴ ሲወጣ እንቀምሳለን። እሱ ፀሐይ ካልሞቀው አይቀምስም።»

«ባሕታዊ ነው፣ አባ» አለ ወንድሜ።

«ባሕታዊማ ሰው አያስቸግርም።»

ሁሉም ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ ግን ያን ቀን ደብረ ብርሃን ሲደርስ መጋዘኑ በር ላይ የቆመው መኪና መንገዱን ይዞት ነበር። ማታ ቤት ከተመለሰ በኋላ እትዬ ደወሉ። የወንድሜ ስልክ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ እሳት ዳር ተቀምጬ ሰማሁ።

«ልጄ፣ መኪናው ያው መኪና ነው» አሉት በእርጋታ። «ዓለም ከተማ ሳለ ጠዋት አልነሳም ብሎ አያውቅም። የተለወጠው ሾፌሩ ነው።»

ወንድሜ «እሺ እትዬ» ብቻ አለ። ከዚያ እጁን ወደ አንገቱ ወስዶ ቁልፉን ያዘው። ለእናቴ አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። ግን ነገሩ አልተወኝም፤ ምክንያቱም እትዬ ያሉት ሐሰት አልነበረም። መኪናው ያው መኪና ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

በማግሥቱ ጋቢናውን ልጠርግ ገብቼ ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ስትበራ አየሁ። የተጠቀለለ ሽቦ የመሰለ ምልክት ነበረባት።

«ጋሼ፣ ይቺ መብራት የምንድን ናት?»

«የማሞቂያ ናት።»

«ምን ልታሞቅ?»

«ሞተሩ የሚስበውን አየር። አሁን ግን አትሠራም። መብራቷ ትበራለች እንጂ ማሞቂያው ሽቦው ተፈትቷል።»

«ማን ፈታው?»

«የበፊቱ ሾፌር። ባትሪ ይበላል እንጂ ጥቅም የለውም ብሎኛል። ይሄን መኪና ስንት ዓመት ነድቶታል፤ ያውቀዋል።»

«ካላስፈለገ ለምን አበጁት?»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። «በረዶ ላለበት አገር ነው የሚያበጁት። የመንዝ ሰው በረደኝ ብሎ መኪና ሲያሞቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። በእኛ አገር በረደኝ ማለት ያሳፍራል። ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት እያለ በርኖሱን ለብሶ የሚያልፈውን ሰው «እንዴት አደሩ፣ ብርዱስ?» ብትሉት «ምን ብርድ አለ፣ ደህና ነው» ይላችኋል። ወንድሜም ከዚህ አገር ሰው ነውና መኪናው በረደው ብሎ ማሰብ አልሆነለትም። ባትሪውን ጠረጠረ፣ ናፍጣውን ጠረጠረ፣ አንድ ቀን የሰው ዓይንም ጠረጠረ። ብርዱን ግን አልጠረጠረውም።

እሱ ወደ ቤት ሲገባ ወደ ፊት ተገልብጦ በተከፈተው ጋቢና ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። አየር የሚገባበት ወፍራም ቱቦ ሞተሩ ላይ በሚገጠምበት ቦታ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ከብረቱ ላይ አንድ ቡሎን ባዶውን ወጥቷል። ከጎኑ እንደ አውራ ጣቴ የወፈረ ሽቦ ጫፉ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ታስሯል። የታሰረ ጥጃ ይመስል ነበር፤ እናቱ እዚያ፣ እሱ እዚህ።

በተከታዩ ሳምንት ወንድሜ ወደ ዓለም ከተማ ጭነት ነበረው። እዚያ አክስት ስላለችን እናቴ እኔንም ላከችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ በርኖሴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ሌሊቱን አክስቴ ቤት በነጠላ ብቻ ተኛሁ። ጠዋት መኪናው በቆመበት ወንድሜ ቁልፉን ገና ከማዞሩ ተነሳ። ጭሱም ነጭ አልነበረም።

የበፊቱ ሾፌር እዚያው ከተማ ነበርና ሊሰናበተን መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «አየህ?» አለው ወንድሜን። «ማሞቂያ ምን ይሠራል?»

ወንድሜ ደስ ብሎት ሳቀ። ሰውየው አልዋሸም። በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ፦ ቢጫዋ መብራት ዓለም ከተማ ገና ብልጭ ብላ ጠፋች። እኛ ቤት ስትበራ ግን ረጅም ጊዜ ትቆያለች። መብራቷ አንድ ነገር ታውቃለች ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ወንድሜን ልጠይቀው ፈለግሁ፤ እሱ ግን እያፏጨ ነበር። ደስ ያለውን ሰው በጥያቄ ማቋረጥ ከበደኝና ተውኩት።

መሐል ሜዳ ስንመለስ መኪናው ወደ ጠባዩ ተመለሰ። ይህን ጊዜ እናቴ የራሷን መላ ፈለገች። በጓዳችን ለእንግዳ የሚነጠፍ ትልቅ የበግ ጠጉር ዝተት አለ። ማታ ወንድሜ ከገባ በኋላ ወጥታ፣ የታመመች ላም እንደሚያለብሱ፣ ከጋቢናው ሥር አስገብታ ሞተሩን በዝተቱ ሸፈነችው። ለእሱ አልነገረችውም። ለኔም የነገረችኝ ጠዋት ነው፤ ዘግይታ።

ያን ጠዋት መኪናው በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ወንድሜ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሊስቅልኝ ሲል ከሥሩ አስቀያሚ ድምፅ መጣ። የዝተቱ ጫፍ በሞተሩ ማራገቢያ ተይዞ ነበር። ሞተሩ እስኪጠፋ የዝተቱ ግማሽ ተዘልዝሏል፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶም ተበጥሷል።

«እማ፣ ሞተር ዝተት ይለብሳል?» አለ ወንድሜ ከጠጉሩ መሐል ቀበቶውን እየፈለገ።

«ተነሳልህ አይደል?»

«ተነስቶ በላው እኮ።»

«እሱንማ አንተ ነህ ሳታይ ያስነሳኸው። ላም እንኳ ስትነሳ ልብሷን ያወልቁላታል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር። ቀበቶው እስኪገኝ ግን ረፈደ። ከከተማው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቀበቶም መፍቻም ሰጡት። ወንድሜ ደብረ ብርሃን የደረሰው መጋዘኑ ሲዘጋ ነው። እትዬ የዚያን ጊዜ አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ሌላ አንድ ቀን ካረፈድክ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አትቀየመኝ፣ ልጄ» እንዳሉት ለኔ ብቻ ነገረኝ። ቀጣዩ ጭነት ለሰኞ ጠዋት ነበር።

እኔ ደግሞ ስለ ዝተቱ ሳስብ ዋልኩ። ለምን ተነሳ? ዝተቱ ሞተሩን አሙቆት ይሆን? ወይስ ያን ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለነበረ ውርጭ ስላልጣለ? ሁለቱ በአንድ ሌሊት ስለሆኑ መለየት አልቻልኩም። ሌላ ዝተት ደግሞ የለንም።

ዓርብ ጠዋት ወንድሜ ጭነት ባይኖረውም ለሰኞ ይጠቅመኛል ብሎ ሌሎች ሾፌሮች ሲያደርጉ ያየውን ሞከረ። በቆርቆሮ ላይ ፍም አድርጎ ከሞተሩ ሥር፣ ዘይቱ ባለበት በኩል አስቀመጠ። ዘይቱ ሲሞቅ ሞተሩ በደንብ ተሽከረከረ፤ ከወትሮው ፈጥኖ ተሽከረከረ። ግን ያው ነጭ ጭስ ነው። አልነሳም። ወንድሜ መሪው ላይ ተደፋ። እኔ ታኮው አጠገብ ቆሜ እንዲህ አልኩ በሆዴ፦ ጉልበት አልጎደለውም። ናፍጣም አልጎደለውም፤ ይኸው በጭሱ ይሸታል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አንዷ በጋችን ወለደች። ውርጭ ነበር። ግልገሉ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ጀርባውን በጨርቅ ማሸት ስጀምር እናቴ ነጠቀችኝ።

«ጀርባውን ተይው። አፍንጫውን ነው» አለችና አፉንና አፍንጫውን በበርኖሷ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር ከተተችው። «ገላው ቢበርደው ይችለዋል። መጀመሪያ የሚስበው አየር ነው የሚጥለው።»

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር በብርድ ወራት የተወለደ ግልገል መጀመሪያ የሰው ብብት አየር ነው የሚስበው፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ግን ያን ጠዋት እናቴ ስትናገረው አዲስ ሆነብኝ። ዝተቱ ጀርባውን ነው የሸፈነው። ፍሙ ሆዱን ነው ያሞቀው። የመኪናውን አፍንጫ ያሞቀለት የለም።

ግልገሉ እግሩን ሲያንፈራግጥ ያሰብኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሚጠየቁት ደግሞ ያ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋራዡ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ወንድ ሞልቶበታል። ምክንያት እንዲሆነኝ ወንድሜ የተዋሰውን መፍቻ ይዤ ሄድኩ።

«አስቀምጪው» አሉኝ ከመኪና ሥር ሳይወጡ። «ሌላ ነገር አለ?»

«የለም» ብዬ ወጣሁ።

መንገዱ ጋ ስደርስ ሰኞ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። ሰዎቹ ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ፤ ምናልባትም ማንም አላየኝም። ጎንበስ ብዬ ከመኪናው ሥር ለሚታየው እግራቸው ተናገርኩ።

«አባባ፣ ሞተር ሲነሳ የሚስበው አየር መሞቅ አለበት ወይ?»

ቀስ ብለው ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ። «ማን ጠይቂ ብሎ ላከሽ?»

«ማንም።»

ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጡ። «ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭርለት የለውም» አሉኝ። «አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነድዳል። የገባው አየር ውርጭ ከሆነ ግን ቢጨመቅም የሚበቃውን ያህል አይግልም። ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ይወጣል።»

«ነጭ ሆኖ።»

«ነጭ ሆኖ። አይተሻል ማለት ነው።»

ስለ ግልገሉና የበፊቱ ሾፌር ባትሪ ይበላል ብሎ ስለ ፈታው ሽቦ ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት ለባዕድ ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሳቁ፤ ግን በኔ አልነበረም።

«ይመሳሰላል፤ ደግሞም አይመሳሰልም» አሉ። «ግልገል ራሱ ይተነፍሳል። ሞተር እስኪነሳ ድረስ የሚተነፍስለት ባትሪው ነው። ማሞቂያውም የሚበላው ከዚያው ከባትሪው ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ አየሩን አሙቆ ለማሽከርከር ጉልበት ያጣል። ሾፌሩ ባትሪ ይበላል ያለው እውነቱን ነው።»

እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «ታዲያ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?»

«የት ነው የሚያድረው?»

«እኛ ደጅ።»

«ዓለም ከተማ ቢያድር አያስፈልገውም። ሞተሩ አዲስ፣ ባትሪው ጠንካራ ቢሆን እዚህም ያለ እሱ የሚነሳ ይኖራል። የእናንተ ግን አሮጌ ነው፣ ውርጭ ላይ ያድራል። አያስፈልገውም የሚል ካለ ጠዋት መጥቶ አብሮ ይግፋ።»

ልሄድ ስነሳ እጃቸውን አነሱ። «ዝም ብላችሁ ሽቦውን እንዳትቀጥሉት ግን። ያ ሽቦ የሚታሰርበት ቡሎን ከውስጥ በኩል ሲግልና ሲበርድ ከርሞ ይላላል። አንድ ቀን ይወድቃል። ያለው ደግሞ አየሩ በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ከወደቀ ሞተሩ ይውጠዋል። ብረት የዋጠ ሞተር ከፍቼ አውቃለሁ፤ አይዳንም። ይህንን ፈርተው ማሞቂያውን ጭራሽ አውልቀው የሚጥሉ አሉ። እነሱም ሞኞች አይደሉም።»

ቤት ስደርስ ወንድሜ የተበላውን ዝተት በመርፌ ለመጠገን ከእናቴ ጋር ይታገላል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ዝተቱን አስቀመጠ።

«ጋራዥ ሄደሽ? አንቺ? ሱቅ ገብተሽ ጨው ስጡኝ ለማለት የምታፍሪው?»

«እንኳን ሄደች» አለች እናቴ።

«ሰው ምን ይላል? ስለ መኪናው የምትጠይቅለት እህቱ ናት አይሉም?»

«ሰኞ ቁልፉን ሲወስዱብህስ ምን ይላሉ?» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እናቴ ስለ ቁልፉ አታውቅም ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ከዚያ ለእሷ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔን የጨነቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሽቦውን ካልቀጠልኩ ሰኞ አረፍድና ቁልፉ ይሄዳል። ከቀጠልኩትና ቡሎኑ ከወደቀ ደግሞ የሚሄደው የሰው መኪና ነው።»

«እንግዲያው አስከፍተህ ቡሎኑን እየው» አለች እናቴ። «ሳታይ ከመፍራት አይተህ ፍራ።»

መካኒኩ ከገበያው በኋላ መጡ። ቱቦውን ፈትተው ጠፍጣፋውን ብረት አወጡት። ውስጡ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ቀጫጭን ብረት ተጣጥፎ ተዘርግቷል። ቡሎኑን በጣታቸው ሲነኩት ተወዛወዘ። ወንድሜ ቁልፉን በአንገቱ ላይ ጨብጦ ቆሞ ነበር። ሽቦውን ዝም ብሎ ቀጥሎት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ያ የበፊቱ ሾፌርም ሳያውቀው አንድ ደግ ነገር እንደሠራ አሰብኩ።

ቡሎኑን በአዲስ ቀይረው፣ እንዳይላላ አድርገው አጠበቁት። ከዚያ ብረቱን ለሙከራ ከባትሪው ጋር አገናኙት። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀጫጭኑ ብረት ቀስ እያለ ቀላ፤ ሙቀቱ ጉንጬን ነካኝ። ፍም የለ፣ ነበልባል የለ። እጄን ሰደድኩ።

«እጅሽን መልሺ፣ ልጄ» አሉ መካኒኩ፤ ግን ትንሽ እንዳይ ተዉኝ። ወደ ወንድሜ ዞረው «መብራቷ ሳትጠፋ እንዳታስነሳው። በእንዲህ ያለ ብርድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ትቆያለች። ሳትቸኩል» አሉት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ውርጩ የመኪናውን መስታወት አልብሶታል። ደመና እንዳልነበረ በደንብ አይቻለሁ፤ እንደ ዝተቱ ቀን በኋላ እንዳልጠራጠር ብዬ ነው ያየሁት። ቄሱና ሌሎች ሰዎች ኪዳን አድርሰው መጡ፤ ቄሱ መቋሚያቸውን እንደ ልማዳቸው ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

ወንድሜ ቁልፉን አዞረ። መብራቷ በራች። ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ከዚያ አላስቻለውም። መብራቷ ሳትጠፋ አስነሳው። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ አጓራና ዝም አለ። ድምፁ በመጨረሻ ሲደክም ሁላችንም ሰምተናል። ባትሪው ሌላ ብዙ ጊዜ አይችልም።

ወንድሜ በሩን ከፍቶ አየኝ። ላብ በግንባሩ ነበር፣ በዚያ ውርጭ። «አንቺ ነይ፣ ጋቢና ውጪ» አለኝ። «ጸሎቱን አንቺ በይው። እኔ ስለው ይፈጥንብኛል።»

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞረ፤ መብራቷ በራች። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። ድምፄ አልወጣም።

«ከፍ አድርገሽ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ ከደጅ። «እሱም ይስማው።»

ከፍ አደረግሁ። ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ይሰሙኛል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመብራቷ አልነቀልኩም። ወንድሜ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጓል። በየመሐሉ ያየኛል፤ እኔም አላቆምኩም። «እስመ ዚአከ ይእቲ መንግሥት» ስል መብራቷ ጠፋች።

«ጋሼ፣ አሁን።»

አዞረው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ከዚያ ተያያዘና ተነሳ። ጋቢናው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ ይጋጭ ነበር። ቄሱ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሱ።

«ዛሬስ ቅዳሴ ሳይወጣ ቀመሰ» አሉ።

ወርጄ ታኮውን ጎተትኩ። መኪናው ቁልቁለቱን በራሱ ጉልበት ወረደ። ከዚያ በኋላ ሥራ እየሠራሁ ስልኩን ከጎኔ አልለየሁትም። ግልገሉን እናቱ ጋ አስጠባሁ፤ በረቱን ጠረግሁ። እናቴም ምንም ሳትል ዝተቱን ትጠግናለች፤ ስልኩን ግን እሷም ትመለከታለች። «ደረስክ ወይ» ብዬ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት፣ እየነዳ ከሆነ ብዬ።

ረፋዱ ላይ ደወለ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባና የጫኝ ጩኸት ይሰማል።

«ወረፋው ላይ ከፊት ነኝ» አለኝ። «ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እትዬ መጥተው አዩኝ፤ ሻይ ጠጣ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ለእናቴ በምልክት ነገርኳት። መርፌዋን አስቀምጣ ተማተበች። ወንድሜ ግን ስልኩን አልዘጋም። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሊጠይቅ ፈልጎ እንደሚያፍር ሰው፣ እንደኔ።

«ስሚ እስኪ» አለኝ። «አሁን ወረፋው ሲንቀሳቀስ አጥፍቼ ሳስነሳው መብራቷ ገና ብልጭ ከማለቷ ጠፋች። ሞተሩ መሞቁን በምን አወቀች?»